መሐንዲሱ፣ ባለሀብቱና የባሮ ወንዝ

ወንዝ ከምንጩ እየራቀ በሄደ ቁጥር ገባሮቹን እየሰበሰበ ይተልቃል። ከታችኛው ክፍል ጀምሮ የተማርነው ይህንኑ ነው፤ በብዙዎቹ የሀገራችን ወንዞች ላይም የሚታየው ይኸው ነው። ባሮ ግን ከጋምቤላ ከተማ በታች ከዚህ ደንብ ያፈነግጣል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ የተሰበሰበው የፍሰት መረጃ እንደሚያሳየው፣ በጋምቤላ ከተማ የሚያልፈው ውኃ በዓመት በአማካይ 13 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ነው። ወንዙ ከፒቦር ጋር ተገናኝቶ ሶባት ወደሚባልበት ስፍራ ሲቃረብ ግን መጠኑ ወደ 9 ቢሊዮን ተኩል ዝቅ ይላል። ከ3 ቢሊዮን ሜትር ኩብ በላይ የሆነ ውኃ በመንገድ ቀርቷል ማለት ነው።

ይህ ውኃ የትም አልጠፋም። በክረምት ከወንዙ ዳርና ዳር እየሞላ በሜዳው ላይ ይንጣለላል፤ ከፊሉ ወደ ማቻር ረግረግ ይሄዳል፤ ከፊሉ በፀሐይ ይተናል፤ ከፊሉም መሬቱን አጥግቦ ይቀራል። ይህንን የቁጥር ልዩነት የተመለከተ የውኃ መሐንዲስ ከጋምቤላ በታች ያለው ሜዳ የወንዙ አካል መሆኑን ወዲያው ይገነዘባል። ያንኑ ሜዳ በበጋ ወራት የጎበኘ ባለሀብት ደግሞ ለጥ ያለ፣ ለትራክተር የተመቸ፣ ጥቁር አፈር የለበሰና ኪራዩ ርካሽ የሆነ መሬት ያያል። ሁለቱም ያዩት እውነት ነው። በቴክኖሎጂ ሥራ ላይ በተሰማሩ ድርጅቶች ሁሉ በመሐንዲሱና በባለሀብቱ መካከል የሚነሣው ውዝግብ መነሻው አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ያለ ነው፤ አንዱን ነገር በተለያየ የዘመን ርዝመት መመልከት። ይህ ጽሑፍ የጋምቤላን ተሞክሮ መሠረት አድርጎ ጉዳዩን ለመዳሰስ ይሞክራል።

የወንዙን የቀን መቁጠሪያ ያከበረ ንግድ

ባሮ ውኃውን የሚያገኘው ከኢሉባቦርና ከአካባቢው ደጋዎች ነው። በነዚህ ደኖች በየዓመቱ 2000 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ የሚዘንብባቸው ስፍራዎች አሉ። ውኃው ከ2000 ሜትር ከፍታ ተንደርድሮ ወደ 500 ሜትር ገደማ ከፍታ ወዳለው የጋምቤላ ቆላ ሲወርድ ፍጥነቱን በድንገት ያጣል። ከከተማዋ እስከ ድንበር ያለው ምድር ተዳፋትነቱ እጅግ አነስተኛ በመሆኑ፣ ወንዙ የመጣለትን ውኃ በሙሉ በአንድ ቦይ ሊያሳልፍ አይችልም። ስለዚህ ይሞላል፤ ይፈስሳል፤ ይስፋፋል።

የአካባቢው ሕዝብ ኑሮውን የመሠረተው በዚህ ባሕርይ ላይ ነው። አኙዋኮች ውኃው ሲሸሽ እርጥበቱ ገና ባልደረቀ የወንዝ ዳር አፈር ላይ በቆሎ ይዘራሉ። ኑዌሮች በክረምት ከብቶቻቸውን ይዘው ወደ ከፍተኛ ስፍራ ይወጣሉ፤ በበጋም የጎርፉን እግር ተከትለው ወደ ለምለሙ ግጦሽ ይወርዳሉ። የጎርፉን ጊዜና ስፋት ማወቅ ለነርሱ የህልውና ጉዳይ ነው።

ዘመናዊው ንግድም ወደ ጋምቤላ የገባው ወንዙን ተከትሎ ነበር። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክና በብሪታንያ መንግሥት መካከል የተፈረመው ውል፣ በኢታንግ አካባቢ በባሮ ዳር ከ400 ሄክታር ያልበለጠ መሬት ለሱዳን መንግሥት የንግድ ጣቢያ እንዲከራይ ይፈቅድ ነበር። ጣቢያው በመጨረሻ የተቆረቆረው ግን ከኢታንግ ከፍ ብሎ በሚገኘው በጋምቤላ ነው። ከካርቱም የሚነሡት የእንፋሎት መርከቦች ጋምቤላ መድረስ የሚችሉት በክረምትና በመጸው መግቢያ፣ ወንዙ በሚሞላባቸው ወራት ብቻ ነበር። በመሆኑም ነጋዴው ቡናውን በበጋ አከማችቶ የወንዙን መሙላት ይጠብቅ ነበር። የውኃውን ከፍታ መለካትና መመዝገብ የተጀመረውም በዚሁ ዘመን ነው። ጣቢያው ሱዳን እ.ኤ.አ. በ1956 ነፃነቷን ካገኘች በኋላ ለኢትዮጵያ ተመለሰ፤ የወንዙ መዝገብ ግን ከንግዱ ይልቅ ዕድሜ አገኘ።

ገበያ ያላገኘው ግድብ

ውዝግቡን በሚዛናዊነት ለማየት መሐንዲሱ ብቻውን የወሰነበትን ዘመንም ማስታወስ ያስፈልጋል። በአቦቦ አካባቢ የሚገኘው የአልዌሮ ግድብ በደርግ ዘመን፣ በሶቪየት ኅብረት የቴክኒክ ድጋፍ የተሠራ ነው። ዓላማው በመስኖ ጥጥ ለማልማት ሲሆን፣ የግድቡ ሐይቅ 75 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ውኃ እንዲይዝ ተደርጎ ተነደፈ። ግድቡ ቆመ፤ ውኃውም ተጠራቀመ። ሥርዓቱ ሲለወጥና ድጋፉ ሲቋረጥ ግን ውኃውን የሚወስዱት ቦዮችና የሚጠጣው እርሻ አልተከተሉም። ሳዑዲ ስታር የተባለው ኩባንያ ሩዝ ለማምረት 10 ሺህ ሄክታር መሬት ተከራይቶ የግድቡን ውኃ ለመጠቀም እስከተነሣበት እስከ 2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ድረስ፣ ግድቡ ለሃያ ዓመት ገደማ ለታለመለት መስኖ ሳያገለግል ቆየ።

በምሕንድስና መለኪያ ግድቡ ግድብ ነው፤ ይሠራል። ነገር ግን ማን ይገዛል፣ በምን ዋጋ፣ በየትኛው መንገድ ተጭኖ የሚሉትን ጥያቄዎች የሚጠይቅ ሰው ከጎኑ የሌለው መሐንዲስ ውኃ ለማጠራቀም ያህል ብቻ ሊያጠራቅም ይችላል። ስለዚህ ባለሀብቱን ከሥራው ማስወጣት መፍትሔ አይሆንም። የካፒታል እጥረት ባለበት ሀገር ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ ግድብም እንደ ፈረሰ ግድብ ሁሉ ኪሳራ ነው።

100 ሺህ ሄክታር በጎርፍ ሜዳ ላይ

ከአልዌሮ ተቃራኒ የሆነው ታሪክ የተፈጸመው በኢታንግና በጂካዎ ወረዳዎች ነው። መሠረቱን በሕንድ ባንጋሎር ያደረገውና በጽጌረዳ አበባ ንግድ የታወቀው ካሩቱሪ ግሎባል፣ ጥቅምት 15 ቀን 2003 ዓ.ም. ከግብርና ሚኒስቴር ጋር ባደረገው ውል 100 ሺህ ሄክታር መሬት ለ50 ዓመት ተከራየ። ኪራዩ በሄክታር በዓመት 20 ብር ነበር። ኩባንያው የመጀመሪያውን መሬት በውሉ መሠረት ካለማ ተጨማሪ 200 ሺህ ሄክታር ሊሰጠው እንደሚችልም ተመለከተ። አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ፤ ተጨማሪው መሬት የሚገኘው በፍጥነት በመመንጠርና በመዝራት ነው። ወንዙን ለጥቂት ዓመታት በትዕግሥት ለመለካት የሚሰጥ ሽልማት የለም። ኪራዩም እጅግ ርካሽ በመሆኑ የትኛው ሄክታር ይጠቅማል፣ የትኛው ይቅር ብሎ ለመምረጥ የሚገፋፋ ነገር አልነበረም።

ኩባንያው ጎርፍ መኖሩን አልሳተም። በብዙ ኪሎ ሜትሮች የሚቆጠር የአፈር ክትር ሠርቶ ነበር። ይሁን እንጂ በመስከረም ወር 2004 ዓ.ም. ባሮ ሞልቶ ክትሩን አልፎ ገባ። ለመጀመሪያ ጊዜ በስፋት የተዘራውና ለመሰብሰብ የተቃረበው በቆሎ ከውኃ በታች ሆነ። ኩባንያው ራሱ በወቅቱ ጉዳቱን ወደ 15 ሚሊዮን ዶላር ገመተው፤ እንዲህ ያለ ጎርፍ ከዚያ በፊት አለማየቱንም ተናገረ። አባባሉ ትክክል ነው፤ ኩባንያው በስፍራው የቆየው ጥቂት ክረምቶችን ብቻ ነበርና። መዝገቡ ግን ከመቶ ዓመት በፊት የተከፈተ ነበር። በተጨማሪም የባሮ አኮቦ ተፋሰስ የተቀናጀ ልማት ማስተር ፕላን እ.ኤ.አ. በ1997 ተጠናቅቆ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሥራው አልተቃናም። ታኅሣሥ 18 ቀን 2008 ዓ.ም. መንግሥት ውሉን ሲያቋርጥ በምክንያትነት ያቀረበው፣ ከ100 ሺው ሄክታር ውስጥ የለማው 1200 ያህሉ ብቻ መሆኑን ነው። ነገሩ የአንድ ኩባንያ ብቻ አልነበረም። በክልሉ የሰፋፊ እርሻ ኢንቨስትመንት ላይ የተካሄደ የመንግሥት ጥናት፣ ከ600 ለሚበልጡ ባለሀብቶች ወደ 630 ሺህ ሄክታር መሬት ተሰጥቶ የለማው ወደ 76 ሺህ ሄክታር መሆኑን አመለከተ። አንዱ መሬት ለሁለት ሰው የተሰጠበት ሁኔታም ተገኘ።

የመሬት መደራረብ ለቀያሽ መሐንዲስ እንግዳ ነገር አይደለም። ለአብነት ያህል፣ የቀድሞ ካርታዎቻችን የተመሠረቱበት አዲንዳን የተባለው ማመሳከሪያና የጂፒኤስ መሣሪያ የሚጠቀምበት ማመሳከሪያ በሀገራችን ምድር ላይ ከ200 ሜትር በላይ ይለያያሉ። ይህንን ልዩነት ማረም ለባለሙያው የአጭር ጊዜ ሥራ ነው። ቀያሹ ውሉ ከተፈረመ በኋላ ከተጠራ ግን የሚያርመው ካርታ ሳይሆን ክርክር ይሆናል።

የሁለቱ ወገኖች ስሌት

በምሕንድስና ቋንቋ «የ10 ዓመት ጎርፍ» ማለት በየ10 ዓመቱ በቀጠሮ የሚመጣ ጎርፍ ማለት አይደለም። በማንኛውም ዓመት የመምጣት ዕድሉ ወይም ፕሮባብሊቲው 10 ከመቶ የሆነ ጎርፍ ማለት ነው። አንድ ክትር ይህንን ጎርፍ መቋቋም ባይችል፣ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት ውስጥ ቢያንስ አንድ ጊዜ የመሸነፉ ዕድል ስንት ነው? በአንድ ዓመት ያለመሸነፍ ዕድሉ 0.9 ነው፤ በሦስት ዓመት 0.9 ሦስት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ 0.73 ይሆናል። ስለዚህ የመሸነፉ ዕድል 27 ከመቶ ነው። በሦስት ዓመት ውስጥ ገንዘቡን ለማስመለስ ያቀደ ነጋዴ «ከአራት ሦስት እጅ እድናለሁ» ሊል ይችላል፤ በንግድ ዓለም ይህ መጥፎ ዕድል አይደለም።

ያንኑ ስሌት በኪራይ ውሉ ዘመን፣ ማለትም በ50 ዓመት ብናካሂደው፣ የመሸነፉ ዕድል 99.5 ከመቶ ይደርሳል። ክትሩ ከፍ ተደርጎ የ50 ዓመት ጎርፍን ለመመከት ሳይበቃ ቢቀር እንኳ፣ በ50 ዓመት ውስጥ የመሸነፉ ዕድል 64 ከመቶ ያህል ነው። የ100 ዓመት ጎርፍም ቢሆን በውሉ ዘመን የመድረስ ዕድሉ 39 ከመቶ ይበልጣል። ወንዙ አንድ፣ ክትሩ አንድ ሆኖ ሳለ፣ መልሱን ከ27 ወደ 99 የለወጠው የተቆጠረው የዘመን ርዝመት ነው።

ባለሀብቱ አጭሩን ዘመን የሚመርጠው ስሌት ስለማያውቅ አይደለም። በ10 ከመቶ የቅናሽ ተመን ሲሰላ፣ ከ50 ዓመት በኋላ የሚገኝ አንድ ብር ዛሬ ያለው ዋጋ ከአንድ ሳንቲም በታች ነው። ስለዚህ የሩቁ ጉዳት በሒሳብ መዝገቡ ላይ እጅግ አንሶ ይታያል። በአንጻሩ ክትሩን ከፍ ለማድረግ የሚወጣው ወጪ የዛሬ ነው፤ ወጪውም ከቁመቱ ፈጥኖ ያድጋል። አናቱ 3 ሜትር ስፋት ያለውና ጎኖቹ ለእያንዳንዱ ሜትር ቁመት 2 ሜትር የሚዘረጉ ክትር፣ ቁመቱ 2 ሜትር ቢሆን በአንድ ሜትር ርዝመት 14 ሜትር ኩብ አፈር ይፈልጋል። ቁመቱ 4 ሜትር ሲሆን ግን አፈሩ 44 ሜትር ኩብ ይደርሳል። ቁመቱ እጥፍ፣ ወጪው ከሦስት እጥፍ በላይ ሆነ ማለት ነው።

መሐንዲሱ ደግሞ በዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን ይጨምራል። አንደኛው፣ ጥቁሩ ዋልካ አፈር በበጋ ይሰነጣጠቃል፤ በክረምት ውኃ ሲጠጣ ያብጣል። በደንብ ካልተመረጠና ካልተጠቀጠቀ፣ ውኃው በስንጥቁ ሰርጎ ክትሩን ከውስጥ ይቦረቡረዋል። ሁለተኛው፣ ወንዝ በክትር ሲታጠር ቀድሞ ይስፋፋበት የነበረውን ሜዳ ስለሚነጠቅ የውኃው ከፍታ ይጨምራል፤ ትርፉም ክትር ወደሌለው ጎረቤት ይገፋል። ከእርሻው ውጭ ያለው ነዋሪ በባለሀብቱ የሒሳብ መዝገብ ውስጥ ስሙ የለም፤ ጎርፉ ግን እርሱንም ያገኘዋል።

የውዝግቡ ስፋት በሌላው ዓለም

ይህ ችግር የኋላ ቀር ሀገሮች ብቻ አይደለም። ጥር 28 ቀን እ.ኤ.አ. 1986 ቻሌንጀር የተባለችው የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር በተወነጨፈች በ73ኛው ሴኮንድ ፈንድታ ሰባት ሰዎች አልቀዋል። በዋዜማው ምሽት የሮኬቱን ክፍል የሠራው የሞርተን ታዮኮል ኩባንያ መሐንዲሶች፣ ከነርሱም አንዱ ሮጀር ቦይዥሊ፣ በብርዱ ምክንያት የመጋጠሚያው ላስቲክ ሊያፈስ ስለሚችል ማስወንጨፉ እንዲዘገይ መክረው ነበር። የኩባንያው ኃላፊዎች ግን ምክሩን ቀለበሱት። የታሪኩ ትምህርት የማስረጃ ሸክሙ መገልበጡ ነው። ከዚያ በፊት መሐንዲሱ የሚጠየቀው ነገሩ ደኅና መሆኑን እንዲያረጋግጥ ነበር፤ በዚያ ምሽት ግን ደኅና አለመሆኑን እንዲያረጋግጥ ተጠየቀ። የባሮን ክትር የነደፈ መሐንዲስ «ጎርፉ በሚመጣው ዓመት እንደሚመጣ አረጋግጥ» ቢባል መልስ አይኖረውም። ሊናገር የሚችለው 10 ከመቶ ብቻ ነው፤ የሚያሸንፈውም በእርግጠኝነት የሚናገረው ወገን ይሆናል።

የቅርቡና ለእኛ የከበደው ምሳሌ የቦይንግ 737 ማክስ ነው። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ቁጥር 302 ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በስድስት ደቂቃ ውስጥ በቢሾፍቱ አቅራቢያ ተከስክሶ የ157 ሰዎች ሕይወት ጠፋ። ከዚያ አምስት ወር ገደማ ቀደም ብሎ የኢንዶኔዥያው ላየን ኤር ተመሳሳይ አውሮፕላን 189 ሰዎችን ይዞ ወድቆ ነበር። በሁለቱም አደጋዎች ኤምካስ የተባለው የበረራ መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር የአውሮፕላኑን አፍንጫ ደጋግሞ ወደ ታች ይገፋ ነበር። አውሮፕላኑ ከነፋሱ ጋር ያለውን ማዕዘን የሚለኩ ሁለት መሣሪያዎች ቢኖሩትም፣ ሶፍትዌሩ በአንድ ጊዜ የሚያዳምጠው አንዱን ብቻ ነበር። ከቦይንግ መሐንዲሶች አንዱ እ.ኤ.አ. በ2015 ይህ ሥርዓት በአንድ መለኪያ መበላሸት ብቻ ሊሳሳት አይችልም ወይ ብሎ በጽሑፍ ጠይቆ እንደነበር በኋላ ታውቋል። ኩባንያው ከኤርባስ ጋር በነበረው ውድድር አውሮፕላኑን በፍጥነትና አብራሪዎች በሲሙሌተር እንደገና መሠልጠን ሳያስፈልጋቸው ለገበያ ማቅረብ ይፈልግ ነበር። የአሜሪካ ምክር ቤት ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2020 ባወጣው ሪፖርት ይህ የገበያ ግፊት ደኅንነቱን እንደጎዳው ደምድሟል።

ኢታንግና ቢሾፍቱ በደረሰው ጉዳት አይወዳደሩም፤ በአንዱ የጠፋው በቆሎና ገንዘብ፣ በሌላው የሰው ሕይወት ነው። በሁለቱም ስፍራ ግን ውሳኔው የተመዘነው በቅርቡ ጊዜ ሚዛን ነው፤ ሩቁ ጊዜ ሲደርስም ዕዳው በወሳኞቹ ላይ ብቻ አልወደቀም።

ምን ይበጃል?

በመጀመሪያ፣ መሐንዲሱ ሥጋቱን ወደ ዓመታዊ ወጪ መተርጎም ይልመድ። እንበልና በየዓመቱ 10 ከመቶ ዕድል ያለው ጎርፍ በመጣ ቁጥር 15 ሚሊዮን ዶላር የሚያጠፋ ቢሆን፣ አማካይ ጉዳቱ በዓመት 1.5 ሚሊዮን ዶላር ነው። «ጎርፍ ሊመጣ ይችላል» የሚለው ማስጠንቀቂያ በስብሰባ ላይ ተሰምቶ ይረሳል። «የዚህ መሬት እውነተኛ ኪራይ 20 ብር ሳይሆን፣ በየዓመቱ 1.5 ሚሊዮን ዶላር የሚታከልበት ነው» የሚለው ግን በማንኛውም የሒሳብ መዝገብ ላይ ቦታ ያገኛል። ይህ ትርጉም የባለሀብቱ ሥራ አይደለም፤ የመሐንዲሱ ነው። በሳይንስና በምሕንድስና ትምህርት ክፍሎቻችንም ከቀመሩ ጎን ለጎን ሊሰጥ የሚገባው ነው።

በሁለተኛ ደረጃ፣ ውል የሚሰጠው አካል ስሌቱ በውሉ ሙሉ ዘመን እንዲካሄድ ያስገድድ። ለ50 ዓመት የተከራየ ሰው የ50 ዓመቱን ጎርፍ አስልቶ ማቅረብ ይኖርበታል፤ የኪራይ ዋጋውና የመሬቱ ስፋትም ከዚያ በኋላ ይወሰን። ከፍታው ተለክቶ፣ የጎርፍ ሜዳው በካርታ ላይ ተለይቶ የቀረበ 10 ሺህ ሄክታር፣ ሳይለካ ከተሰጠ 100 ሺህ ሄክታር ለባለሀብቱም ይሻለዋል።

በሦስተኛ ደረጃ፣ የፍሰት መዝገቡ ይጠበቅ፤ ለፈላጊም ይቅረብ። የወንዝ ከፍታ መለኪያ በየቀኑ የሚያነብ ሰው ሥራ አነስተኛ መስሎ ይታያል። ነገር ግን የተቋረጠ ዓመት ተመልሶ አይለካም፤ አንድ ክረምት ካልተመዘገበ ለዘለዓለም ባዶ ሆኖ ይቀራል። የደጋው ደን በሳሳና የአየር ንብረቱ በተለወጠ መጠን ደግሞ የጥንቱ መዝገብ ብቻውን በቂ አይሆንም። በ2014 ዓ.ም. ክረምት ማብቂያ ላይ ባሮ ጋምቤላ ከተማን ሳይቀር ማጥለቅለቁ የዚህ አስረጂ ነው።

በመጨረሻም፣ የመሐንዲሱ ፊርማ ክብደት ይኑረው። «አይሆንም» ብሎ የፈረመ ባለሙያ ከሥራው የሚባረር ከሆነ፣ ከርሱ በኋላ የሚመጣው «ይሆናል» ብሎ ይፈርማል። ስለዚህ ጎርፍንና ደኅንነትን የሚመለከት የባለሙያ አስተያየት በጽሑፍ ሰፍሮ ለባለሀብቱ ብቻ ሳይሆን ለአበዳሪው ባንክ፣ ለፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤትና ከክትሩ ማዶ ለሚኖረው ሕዝብም እንዲደርስ ሊደረግ ይገባል። በኢታንግ የወንዝ ዳር የሚኖር አርሶ አደር የፕሮባብሊቲ ቀመር አያሻውም፤ ውኃው እስከየት እንደሚደርስ ያውቃል። የሚቀጥለው ውል ሲዘጋጅ እርሱንም መጠየቅ ከጥናቱ ሁሉ አነስተኛውን ወጪ የሚጠይቅ ሥራ ነው።